ድመቴ እየላሰችኝ ቆይታ ለምን ትነክሰኛለች?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሚጢ የምትባል ድመት አለችኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ከቤትም አትወጣም። ማታ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ራሷ መጥታ ጭኔ ላይ ትተኛለች። ኩርር ኩርር ትላለች፣ እኔም እደባብሳታለሁ። ከዚያ ድንገት ዞር ትልና አውራ ጣቴን በጥርሷ ትይዘዋለች። አይደማም፣ ብዙም አያምም። ሌላ ጊዜ ደግሞ እጄን እየላሰች ቆይታ በፊት ጥርሷ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ታደርገኛለች። ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብስ የወጣ የእግር ጣቴን ነክሳ ትሮጣለች። እህቴ ‹ፍቅር ነው› ትለኛለች። ባለቤቴ ‹ነገ ፊትሽን ነው የምትነክሰው፣ አፍንጫዋን መታ እያደረግሽ ቅጪያት› ይላል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ስሚ። አፍንጫ መምታቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ብለሽ የላክሽው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ንክሻዎች አሉ። የጭኑ፣ የመላሱና የጠዋቱ። ሦስቱም ከአንድ አፍ ቢመጡም ምክንያታቸው አይገናኝም። መፍትሔያቸውም እንደዚያው። ሰዎች «ድመቴ ትነክሰኛለች» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ያህል እንደሚያም አይደለም። ከመንከሷ በፊት ምን እየሆነ ነበር? ከነከሰች በኋላስ ምን አደረገች? ተነሥታ ሄደች? መላሷን ቀጠለች? ወይስ ሮጣ በሩ ጋ ቆመችና ዞር ብላ አየችሽ? ንክሻው ብቻውን ብዙ አይናገርም። በፊቱና በኋላው ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው ነገሩን የሚያወጡት። አንቺ ደግሞ ሳታውቂው እነሱን ጽፈሽልኛል።

ከጭኑ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው በሱ ነው።

ግራ የሚያጋባው ራሷ መጥታ፣ ራሷ ተደላድላ፣ መልሳ ራሷ መንከሷ ነው። «ካልፈለገች ለምን መጣች?» ይባላል። የመጣችው ሙቀትሽን ፈልጋ ነው፤ አጠገብሽ መሆን ፈልጋ ነው። መደባበሱንም ትወደዋለች፣ ግን እስከ ልኩ። ጭን ላይ መተኛትና ለግማሽ ሰዓት መታሸት ለእሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ግን አንዱ ሲፈቀድልን ሌላውም የተፈቀደ ይመስለናል። በዚያ ላይ እጃችን ሥራ መፍታት አይወድም። ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠን ከማጅራቷ እስከ ጅራቷ ሳናስበው እንመላለሳለን።

የሚዋደዱ ድመቶች እንዴት እንደሚነካኩ አይተሽ ታውቂያለሽ? ግንባርና ጉንጫቸውን ያነካካሉ። ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሲላላሱ አብዛኛውን ጊዜ ራስና አንገት አካባቢ ነው። ሌላውን ድመት ከአናቱ እስከ ጅራቱ ደጋግሞ የሚያሽ ድመት የለም፤ ይሄ የሰው ፈጠራ ነው። የድመት ፀጉር ደግሞ ሥሩ በነርቭ የተከበበ ነው። ፀጉሩ በተነካ ቁጥር ነርቩ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። መጀመሪያ ደስ ያላት ነገር ሲደጋገም ይኮረኩራታል፣ ከዚያም ይቆጠቁጣታል። አንድ ሰው ክንድሽን እዚያው ቦታ ላይ ለአሥር ደቂቃ ቢያሽሽ፣ ምንም ያህል ብትወጂው «በቃ» ማለትሽ አይቀርም። የሚጢ «በቃ» የሚወጣው ጥርስ ካለበት አፍ ስለሆነ ነው ንክሻ የሚመስለው።

በዚህ ላይ ጥናት ተሠርቷል። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ ድመቶች የተለያየ የሰውነታቸው ክፍል ሲነካ ምን እንደሚያሳዩ መዝግበዋል። ቅር መሰኘታቸው የበረታው የጅራታቸው መነሻ አካባቢ ሲነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለንደን በሚገኘው የባተርሲ የእንስሳት መጠለያ አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ሰዎችን ለጥቂት ደቂቃ አሠለጠኑ፦ መቅረብና መራቁን ለድመቷ ተዉላት፣ ሁኔታዋን ተከታተሉ፣ የምትነኩበትን ቦታ ምረጡ። ከሥልጠናው በኋላ እነዚያው ሰዎች ያገኟቸው ድመቶች ይበልጥ ተግባቢ ሆኑ፣ የጠበኝነት ምልክታቸውም ቀነሰ። የተለወጠው የሰው እጅ ነው። ድመቶቹን ማንም አላሠለጠናቸውም።

«ድንገት ዞር ትልና» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ድንገት የሆነው ለአንቺ ነው። እሷ ቀደም ብላ ስትናገር ነበር። የጅራቷ ጫፍ መወራጨት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ጫፉ ብቻ፣ ቀጥሎ ጅራቷ በሙሉ ሶፋውን ይመታል። የጀርባዋ ቆዳ ጥቅልል ብሎ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይዞራሉ ወይም ወደ ኋላ ይተኛሉ። የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ሰውነቷ ከመላላት ወደ መወጠር ይሄዳል። ኩርር ማለቷ ይቋረጣል። በመጨረሻም ራሷን ወደ እጅሽ በፍጥነት ታዞራለች፤ ይህ ከጥርሱ በፊት ያለው የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ሁሉም ድመት ሁሉንም ምልክት አያሳይም። አብዛኞቹ ግን አንድ የራሳቸው የታወቀ ምልክት አላቸው። የሚጢን ፈልጊ። ለጥቂት ምሽቶች ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ እሷን ብቻ ብታዪ ታገኚዋለሽ።

ኩርርታዋ ላይ ብቻ አትተማመኚ። «ኩርር እያለች ነው፣ ስለዚህ ደስ ብሏታል» የሚለው ብዙ ሰው ያስነክሳል። ድመቶች ሲደሰቱ ኩርር ይላሉ፣ እውነት ነው። ሲያማቸው፣ ሲፈሩና ሲወልዱም ይላሉ። ደስታዋ በጅራቷና በጆሮዋ ሲደገፍ ነው የሚታመነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ስትመጣ እጅሽን አትላኪባት። ጣትሽን አቅርቢላትና ትምረጥ። ጉንጯን ካስጠጋች አገጯን፣ ጉንጯንና የጆሮዋን ሥር ለሦስት ሰከንድ ያህል እከኪላት። ከዚያ አቁሚ። አዎ፣ አቁሚ። ራሷን ወደ እጅሽ ከገፋች «ጨምሪ» ማለቷ ነው፣ ቀጥዪ። ዝም ካለች፣ ፊቷን ካዞረች ወይም ራሷን መላስ ከጀመረች እጅሽን ሰብስቢ። ጭንሽ ላይ ትቆይ፤ እጅሽ ግን ሌላ ነገር ይያዝ። ሆዷን ተዪው። ጀርባዋ ላይ ተንከባልላ ሆዷን ማሳየቷ ብዙ ጊዜ «አምንሻለሁ» ማለት ነው፣ «ደባብሺኝ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው በአራቱም እግር ተይዞ የሚቧጨረው። ጥፋቱ የድመቷ አይደለም።

ጥርሷ እጅሽ ላይ ካረፈስ? እጅሽን አትንጠቂ። የሚሸሽ ነገር ለድመት የሚታደን ነገር ነው፤ ስትጎትቺ እሷ ታጠብቃለች፣ ቆዳሽም የሚተለተለው ያኔ ነው። እጅሽን አላልተሽ ባለበት አቁሚው። ካልለቀቀች ወደ እሷ ትንሽ ገፋ አድርጊው፤ ታዳኝ ወደ አዳኙ አፍ ስለማይገባ ግራ ገብቷት ትለቃለች። አትጩሂ። ከለቀቀች በኋላ ቀስ ብለሽ እጅሽን አንሺ፣ ያንን ምሽት አትንኪያት። ቂም አይደለም፤ «ገብቶኛል» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባለቤትሽ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። የድመት ክራንቻ አይጥን በአንድ ንክሻ አንገቷ ላይ የአከርካሪ አጥንቷን መሃል አግኝቶ የሚገድል መሣሪያ ነው። ሚጢ ይህን መሣሪያ አውራ ጣትሽ ላይ አሳርፋ ሳትጫን ትለቅሻለች። ልትጎዳሽ ብትፈልግ አንድም ቀን ሳትደሚ አትውዪም ነበር። ይሄ ጨዋነት ነው። ከየት እንደተማረችውም ይታወቃል፤ ከወንድምና ከእህቶቿ። ግልገሎች ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ከነከሰ የተነከሰው ይጮሃል፣ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ወይም መልሶ ይነክሳል። እናትየውም ትቆጣለች። እንዲህ እያለ አፋቸውን መመጠን ይለምዳሉ።

ቶሎ ከእናታቸው የተለዩ ግልገሎች ይህ ትምህርት ይጎድላቸዋል። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 6000 የሚጠጉ ድመቶችን መረጃ አይተው ነበር። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩት ላይ ጠበኝነት በብዛት ታይቷል። 14 ሳምንት አካባቢና ከዚያ በኋላ የተለዩት የተሻለ ባሕርይ ነበራቸው። ብዙ ሰው ግን ግልገሏን የሚወስደው በጣም ትንሽ ሳለች ነው፤ ታምራለችና። ሚጢን በስንት ሳምንቷ እንደወሰድሻት አልጻፍሽልኝም። አነካከሷን ሳየው ግን መሠረቷ ደህና ይመስለኛል።

አፍንጫዋን ስለመምታት። መጀመሪያ ነገር አይሠራም። ሚጢ «በቃ» ስላለች ተመታች። ከዚህ የምትማረው ለስለስ ያለ ንክሻ እንደማያዋጣ ነው። ቀጥሎ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዳንዷ ድመት ማስጠንቀቂያውን ትታ በቀጥታ አጥብቃ ትነክሳለች። ሌላዋ እጅ ሲቀርባት መሸሽ ትጀምራለች፣ ጭን ላይ መምጣቷም ይቀራል። ሦስተኛ ዓይነትም አለች፤ መታ መታ መደረጉን እንደ ጨዋታ ወስዳ ትበረታበታለች። ውኃ መርጨትም ሆነ መጮህ ከዚህ አይለይም። ድመት ቅጣትን ከጥፋቷ ጋር ሳይሆን ከቀጪው ሰው ጋር ነው የምታያይዘው። ባለቤትሽ ‹ነገ ፊትሽን› ብሎ የፈራው ነገር የሚመጣ ከሆነ በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው። ለስላሳ ንክሻ በራሱ ወደ ክፉ ንክሻ አያድግም። የሚያሳድገው ሰሚ ማጣቱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ከእሱ እቀበላለሁ፦ ጅራቷ እየተወራጨ ፊትሽን ወደ ፊቷ አታስጠጊ።

ሁለተኛው ንክሻ፣ እየላሰች ቆይታ የምታደርገው፣ ሌላ ነው። እዚህ ጋ እህትሽ ልክ ናት። የድመት ምላስ ሻካራ የሆነው ጫፋቸው ወደ ኋላ የታጠፈ ጥቃቅን ጠንካራ እሾሆች ስላሉት ነው። ምራቋን ወደ ፀጉሯ ሥር የምታደርሰውም በእነሱ ነው። ምላሱ ያልፈታው ቋጠሮ ወይም የተጣበቀ ቆሻሻ ሲያጋጥማት የፊት ጥርሶቿን ታመጣለች። ስድስት ከላይ፣ ስድስት ከታች፣ ጥቃቅን ናቸው። በእነሱ ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረገች ታበጥራለች። እጅሽ ላይ የምትሠራው ይህንኑ ነው። እያጸዳችሽ ነው። ድመት ይህን የምታደርገው ለምትቀርበው ብቻ ነው። ሰውነቷ የላላ ነው፣ ዓይኗ ገርበብ ያለ ነው፣ ከነከሰች በኋላ መላሷን ትቀጥላለች። ከጭኑ ንክሻ የሚለየውም ይሄው ነው። በፊት እግሮቿ ጭንሽን ወይም ብርድ ልብሱን እየተራገጠች ከሆነ ደግሞ ከእናቷ ጡት ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፤ ግልገል ወተቱ እንዲወርድላት የእናቷን ጡት በእግሮቿ እንዲህ ትጫናለች።

ካልረበሸሽ ተያት። ከረበሸሽ እጅሽን በቀስታ ወስደሽ ሌላ ነገር ስጫት፤ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ማበጠሪያ። አንዳንዴ ግን መላሱ ሞቅ እያለ ሄዶ ወደ ልፊያ ይለወጣል። ሁለት ድመቶች ሲላላሱ ቆይተው ድንገት ሲጋጩ አይተሽ ይሆናል። አንዷ በቃኝ ስትል ሌላዋ ትቀጥላለች፣ ወይም የምትልሰዋ ራሷ ስሜቷ ይጋልባትና በጥርሷ ትጨርሰዋለች። እጅሽን በሁለት እግሯ አቅፋ በኋላ እግሮቿ መርገጥ ከጀመረች ጽዳቱ አልቆ አደኑ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ እጅሽን አላልተሽ አቁሚውና በምትኩ ረዘም ያለ ለስላሳ አሻንጉሊት አስጠጊላት።

የጠዋቱ ጣት። ይሄ ጨዋታ ነው፣ ትንሽም ብልጠት አለበት።

ድመት ይበልጥ የምትነቃው ንጋትና ምሽት ላይ ነው፤ የምታድናቸው እንስሳት የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ስለሆነ። አንቺ ተኝተሻል፣ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አንድ ትንሽ ነገር ትንቀሳቀሳለች። ከቤት ለማትወጣ ድመት ከዚህ የተሻለ አይጥ ከየት ይመጣል? ነክሳ መሮጧ ደግሞ ጥሪ ነው፤ «ነይ አባርሪኝ» ነው። አንቺ ስትጮሂ፣ ስትነሺ፣ አንዳንዴም «እርቧት ይሆናል» ብለሽ ምግብ ስትሰጫት ትምህርቱ ተጠናቀቀ። ጣት መንከስ ሰው ያስነሳል፣ ሳህን ያስሞላል። እሷ ብትሆኚ ትተዪው ነበር?

ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚሠራው። አንደኛው ማታ ማድከም ነው። ጫፉ ላይ ላባ ወይም ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ ይዘሽ አሥር ደቂቃ ያህል አጫውቻት። ላባውን ፊቷ ላይ አታውለብልቢው፤ የትኛዋ አይጥ ናት ወደ ድመት የምትሄደው? ከእሷ ራቅ እያለ፣ ከሶፋ ሥር እየተደበቀ፣ እየቆመ፣ እየሸሸ ይሂድ። ታድፍጥ፣ ትዝለል፣ ትያዝ፣ ትንከስ። መጨረሻ ላይ እንድትይዘው ፍቀጂላትና ወዲያው እራቷን ስጫት። አድና፣ ይዛ፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች፤ የተፈጥሮ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። የሌዘር መብራት ብቻውን አልወደውም፣ ምክንያቱም የሚያዝ ነገር የለውም። ከተጠቀምሽበት መጨረሻውን የምትይዘው ነገር ላይ አድርጊው። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ ዘንጉንና ክሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። የምላሷ እሾሆች ወደ ኋላ ስለሚመለከቱ አፏ የገባ ክር መትፋት ይከብዳታል፣ ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንጀት ሰብስቦ ይቆርጣል። ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ነገር ነው።

ሁለተኛው የጠዋቱን ክፍያ ማቋረጥ ነው። ከአልጋ እንደወረድሽ ምግብ አትስጫት። ፊትሽን ታጠቢ፣ ልበሺ፣ ከዚያ ስጫት። ወይም በሰዓቱ ራሱ የሚከፈት የምግብ ዕቃ ካገኘሽ አስቀምጪላት፤ ጠዋት የምትጠብቀው ዕቃውን ይሆናል፣ ጣትሽን አይደለም። ስትነክስሽ አትንቀሳቀሺ፣ አትናገሪ። እግርሽን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኚ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስባታል። ሲሠራ የነበረ ዘዴ እንቢ ሲላት ከመተዉ በፊት አጥብቃ ትሞክረዋለች። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ቀን ላይ ነው፤ ያኔ ከተነሣሽ የተማረችው አጥብቆ መንከስን ነው። በእጅና በእግር ማጫወት ደግሞ ከቤት ሙሉ በሙሉ ይቅር። አንቺ አቁመሽ ባለቤትሽ ማታ ማታ በጣቱ የሚያላፋት ከሆነ ልፋትሽ መና ነው።

ለባለቤትሽ ሌላ ሥራ እንስጠው። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ዓይኗን ያያት፣ ከዚያ ዓይኑን ቀስ ብሎ ይክደን፣ ቀስ ብሎ ይግለጥ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው መልሰው ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፣ ወደ እሱ ለመምጣትም ይደፍራሉ። እጅ የማያስነክስ ሰላምታ ነው።

ወንድ ድመት ላላችሁ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ክንድ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ወጥቶ በጥርሱ ይዞ የሚቆይ ከሆነ የመሳረር ባሕርይ ነው። ወንድ ድመት ሴቷን ማጅራቷን ነው የሚይዘው። የተኮላሸውም አንዳንዴ ያደርገዋል። ዝም ብላችሁ አውርዱት፣ ወደ ጨዋታ አዙሩት። ያልተኮላሸ ከሆነ ማስኮላሸቱ ብዙውን ጊዜ ይቀንሰዋል።

አሁን ሚጢ ላይ ያላየሁት፣ ግን የማልዘለው ነገር። ንክሻው አዲስ ከሆነ፣ ማለትም ለዓመታት ስትደባበስ የኖረች ድመት በቅርቡ መናከስ ከጀመረች፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። አንድ የተወሰነ ቦታ ስትነካ ብቻ የምትነክስ ከሆነም እንዲሁ። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስትራመድ አታነክስም፣ አትጮህም፣ ዝም ብላ መዝለል ትቀንሳለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች ራጅ ሲታይ 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ተገኝቷል። ባለቤታቸው «አርጅታ ነው» ሲል የኖረው ሕመም ማለት ነው። ወገቧን ስትነካ የምትነክስ አሮጊት ድመት ጠባይዋ አልተበላሸም፣ አሟት ነው። የጥርስና የድድ ችግርም አለ፤ በአንድ ጎን ማኘክ፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ጉንጭ ሲነካ መሸሽ። በዕድሜ በገፉት ላይ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ድመቷ እየበላች ትከሳለች፣ ቁጡና እረፍት የለሽ ትሆናለች። ቁንጫና የቆዳ አለርጂም ጀርባዋን ሊያስቆጣው ይችላል። የጀርባዋ ቆዳ ማንም ሳይነካት የሚንቀጠቀጥ፣ የራሷን ጅራት የምታሳድድና የምትነክስ ከሆነ ደግሞ በቪዲዮ ቀርጻችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ክሊኒክ ውስጥ ስለማታደርገው ቪዲዮው ብዙ ይረዳል።

ሌላ አንድ ሁኔታ ብቻ። መስኮት ላይ ተቀምጣ ውጭ ያለ ድመት አይታ ጅራቷ ያበጠ፣ የምታጉረመርም ድመትን «አይዞሽ» ብላችሁ አትንኳት። ውጭ ያለውን ማግኘት ስለማትችል ያገኘችውን ትነክሳለች፣ ያኔ ለስላሳ አይሆንም። ቁጣው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። መጋረጃውን ዝጉ፣ ክፍሉን ልቀቁላት።

የመጨረሻው ጤና ነው፤ የድመትሽ ሳይሆን የአንቺ። ቆዳ ካልተቀደደ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይበቃል። ከተቀደደ ግን «ትንሽ ናት» ብለሽ አትለፊው። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ላይ ላዩን ትንሽ ነጥብ ትቶ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ፓስቸሬላ ሙልቶሲዳ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ድመቶች አፍ ውስጥ ይኖራል፣ በንክሻው ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ቁስሉ ላይ ላዩን ስለሚዘጋ ውስጥ ማመርቀዝ ይጀምራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጋለና ከጠዘጠዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጣት፣ የእጅ አንጓና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ማበጡንም አትጠብቂ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰውም እንዲሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በሽታው ያለባት ወይም የምትጠረጠር እንስሳ የተራቆተ ቆዳን ቆንጠጥ ማድረጓ፣ ደም ባይወጣም፣ ቁስሉን ወዲያው ማጠብና መከተብ የሚያስፈልገው ተጋላጭነት ነው። እጥበቱ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ነው። ሚጢ ከቤት አትወጣም፣ ጠባይዋም አልተለወጠም፣ ስለዚህ አሁን የሚያስፈራሽ ነገር የለም። ክትባቷን ግን አልጻፍሽልኝም። ካርዷን አውጥተሽ የመጨረሻውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀን እዪ፤ ካለፈ በዚህ ሳምንት አስከትቢያት። ሐኪሙ ጋ ስትደርሺም ጥርሷንና ወገቧን እግረ መንገዱን እንዲያይልሽ ጠይቂው።